ጨው የሌለበት ነበልባል

ኅዳር 3

ውድ ክብሪት፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር እንድትረጂ እፈልጋለሁ፦ የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም።

እሳቱ ተመልሶ አልተነሣም። መጀመሪያውኑ አልጠፋም ነበር። ሳህኑ ውስጥ ያለው አልኮል እያለቀ ሲሄድ ነበልባሉ ዝቅ ይላል፣ ሰማያዊነቱ ይሳሳል፣ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ይውጠዋል። ለሚያየው ሰው ባዶ ሳህን ነው። በዚህ ጊዜ ከጠርሙስ አልኮል ቢጨመርበት እሳቱ የሚፈሰውን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣና ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። እዚያ የታመቀው ተን ሲቀጣጠል መውጫው የጠርሙሱ አፍ ብቻ ነው። አፉ ወደ ዞረበት ይተፋል። የጠየቅሽኝ ይህን ነው፤ መልሱ ይኸው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽ ግማሽ ገጽ አትሞላም። ለተማሪዎችሽ የማዕድናትን የነበልባል ቀለም ስታሳዪ እሳት እንደተነሣ፣ አንዲት ተማሪ ሆስፒታል እንደገባች፣ ትምህርት ቤቱም አጣሪ ኮሚቴ እንዳቋቋመ ገብቶኛል። የቀረውን ሁሉ ውጠሽዋል። የእህቴ ልጅ ነሽና እንደ አጎት ላጽናናሽ ይገባኝ ነበር። ግን ፊዚክስንም ኬሚስትሪንም የተማርሽው ከእኔ ነው። አሁን የሚያስፈልግሽ ከአጎት ይልቅ አስተማሪ መስሎኛል። ተሳስቼ እንደሆነ ይቅር በይኝ።

በእኔ ክፍል አልኮል ከመለኮሱ በፊት ቁንጥር ጨው ይጨመርበት እንደነበር ታስታውሻለሽ። "ጋሼ ምሳ ሊሠራልን ነው" እያላችሁ ትስቁ ነበር። ጨው የገባበት ነበልባል ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫውን ደግሞ ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፋ ተማሪም አይስተውም። ጨው የማይገባበት ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ አንቺ ያን ዕለት ያስተማርሽው። የጨው ቢጫ የመዳብን አረንጓዴ፣ የሌሎቹንም ቀለም ሁሉ ይሸፍናል። ስለዚህ በዚያ ቀን መጋረጃ ይዘጋል። የሚበቃው አልኮል በትንሽ ስኒ ይቀዳና ትልቁ ጠርሙስ ከክፍል ይወጣል። ይህን ሁሉ ታውቂያለሽ። ክብሪቱን ልጫር ብለሽ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድመሽ የምትሮጪው አንቺ ነበርሽና ነው ክብሪት የሚለው ስም የወጣልሽ።

ሦስት ነገር ጻፊልኝ፣ በቅደም ተከተል። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር? ልጅቷ እንዴት ናት? ጠርሙሱ በማን እጅ ነበር?

ለእናትሽ ሥራ በዝቶባት ነው የማትጽፈው ብያታለሁ። "ሥራ ሲበዛባትማ ትጽፋለች፤ የምትጠፋው ሌላ ነገር ሲኖር ነው" አለችኝ። እኔም ጋዜጣ አነሣሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 12

የተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? ያን ዘይት እየተቀባች ነው ወይስ እንደ ልማዷ መደርደሪያ ላይ ጥላዋለች? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው አጭር ስለጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ። ጋውኔ ተቃጠለ እንጂ እኔን እሳቱ አልነካኝም።

መጋረጃው አልተዘጋም፤ መጋረጃ የለምና። ጥቁሮቹን መጋረጃዎች ርዕሰ መምህሩ ባለፈው ዓመት አስወርደው የስብሰባ አዳራሹ መድረክ ላይ አሰቅለዋቸዋል። ያኔ ሄጄ ነግሬያቸው ነበር። "ልጆቹ እንዲያዩ ነው የምትጋርጂባቸው? ይህ ትምህርት ቤት እንጂ ሲኒማ ቤት አይደለም" አሉኝ። መምህራኑ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የክፍሉ መስኮቶች ወደ ምሥራቅ ናቸው። የእኔ ክፍለ ጊዜ የጠዋት ነው።

ልጅቷን ጓደኞቿ "ለምን" ይሏታል። መጀመሪያ ስሰማ ስሟ መስሎኝ ነበር። ሌላው ተማሪ ከሰሌዳ ሲገለብጥ እርሷ እጇን አውጥታ ትጠብቃለች። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ነው የምትቀመጠው። ሁለት እጆቿ እስከ ክርን ድረስ ተጠቅልለዋል። አንገቷና አገጯም ተጎድተዋል። ዓይኗ ተርፏል። ወደ ክፍሏ አያስገቡም፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው የመስታወት በር ሆኜ አየኋት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳያወርድ። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣልኝ። እንዲቀመጥ ለመንኩት።

ቤተ ሙከራው ታሽጓል። በጠመኔ ብቻ አስተምራለሁ። ትናንት የነበልባልን ክፍሎች ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው፤ የውስጡን፣ የመካከሉን፣ የውጩን። "ጥያቄ አለ?" ብል ማንም እጁን አላወጣም። የፊተኛው ወንበር ባዶ ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ኮሚቴው የእርስዎን ስም ያውቃል፤ ከመካከላቸው አንዱ በእርስዎ መጽሐፍ ነው የተማረው። በጥንቃቄ እንዳሠለጠኑኝ፣ ተማሪዎች ደግሞ በጉጉት ወደ እሳት እንደሚጠጉና መምህር ሁሉንም ሊቆጣጠር እንደማይችል የምስክርነት ቃል ቢጽፉልኝ።

ሦስተኛውን ጥያቄ በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ፤ የመምህራን ክፍሉን ሊዘጉ ቁልፍ ይዘው ቆመውብኛል። እባክዎን ከእንግዲህ ክብሪት ብለው አይጥሩኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 20

ውድ ልጄ፣

በስምሽ ጉዳይ እንዳልሽው ይሁን። እናትሽ ዘይቱን መደርደሪያ ላይ ጥላዋለች፤ ገምተሻል።

ምስክርነቱን ገና አልጻፍኩም። የማልጽፈው ስለማልወድሽ እንዳይመስልሽ። ባልነበርኩበት ክፍል ውስጥ ማን ወደ እሳት እንደተጠጋ ልመሰክር አልችልም። ልመሰክር የምችለው ስለ እሳቱ ነው። እሱንም ቢሆን ከትዝታ ከምጽፈው እንደገና ማየት አለብኝ ብዬ ሰኞ ቀትር ላይ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ሳህን፣ አልኮልና ክብሪት አቀረብኩ።

እናትሽ ገባች። "ምን ልታደርግ ነው?"

"ሙከራ።"

"አንተ እኮ ጡረታ የወጣኸው ከደመወዝህ ብቻ ነው" አለችና ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። "ቤቱን ካቃጠልከው የምገባው አንተው ጋ ነው፤ አንተ ደግሞ ቤት የለህም።"

ለኮስኩት። መጀመሪያ ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ይታይ ነበር። ፀሐዩ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ግን ምንም የሚታይ ነገር አልቀረም። "ጠፍቷል?" አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችና "ከጠፋ ቆየ" አለች። ከጋዜጣ ቀዳድጄ ያዘጋጀሁትን ቁራጭ ወረቀት ከሳህኑ በላይ ያዝኩት። ነደደ። እናትሽ ባልዲውን አስቀመጠችው። ከዚያ "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?" አለችኝ። ስለ አንቺ አንድም ቃል አልነገርኳትም ነበር። አሁንም አልነገርኳትም። ግን እናትሽ ሞኝ እንዳልሆነች አንቺም እኔም እናውቃለን።

መጋረጃውን ስዘጋው ነበልባሉ እንደገና ታየ። ሙሉ ጊዜውን እዚያው ነበር።

የሙከራ ዘገባ አጻጻፍ አልረሳሽውም፤ መሣሪያው፣ አሠራሩ፣ የታየው፣ ድምዳሜው። ከአንቺ የደረሰኝ ዘገባ መሣሪያውን በደንብ ይገልጻል። መስኮቱን ሳይቀር ወዴት እንደዞረ ጽፈሽልኛል። አሠራሩ ላይ ስትደርሺ ግን ሰው የለበትም። አልኮሉ ራሱን ያፈሰሰ ይመስላል። ሦስተኛውን ጥያቄ መልሺልኝ። ከዚያ ለኮሚቴው እጽፋለሁ።

በሰሌዳ ላይ ነበልባል መሣል ኃጢአት አይደለም። ሁላችንም መሣሪያ ባጣን ጊዜ አድርገነዋል። ያቺን ባዶ ወንበር ግን ሰው አስቀምጪባት፤ ልጆቹ ሲያዩአት ውለው የሚማሩት ነገር የለም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 6

ጋሼ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ሁለተኛው "የጋውንሽ የትኛው እጅጌ ነው የተቃጠለው?" የሚል አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ይበልጥ ከበደኝ። መልሱ፦ የተቃጠለው የቀኙ እጅጌ ነው። ከአንጓ እስከ ክርን።

ጠርሙሱ በእኔ እጅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልጽፍ ብዬ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አይጠይቁኝ። መዳቡ ቀርቶኝ ነበር። አረንጓዴውን ሁሉም እየጠበቁ ነበር። ደወሉ ሊደወል ተቃርቧል፣ ሳህኑ ደግሞ የጠፋ መሰለኝ። ጠርሙሱን ከክፍል አላወጣሁትም፤ ወንበሬ ሥር ነበር። አነሣሁት። ያቺ ልጅ መዳፏን ከሳህኑ ራቅ አድርጋ እንደ ጥላ ዘርግታ "ቲቸር፣ አልጠፋም፤ ይሞቃል እኮ" አለችኝ።

"አንቺ ደግሞ በእጅሽ ነው የምታዪው?" አልኳት።

ክፍሉ ሳቀ። ያፈሰስኩት ሳቁ ሳያልቅ ነው።

ይህን ለኮሚቴው አልተናገርኩም። ርዕሰ መምህሩ የተዘጋጀ ጽሑፍ አቀረቡልኝ። "ተማሪዋ ያለ ፈቃድ ወደ ጠረጴዛው ቀርባ ጠርሙሱን በመንካቷ" ይላል። "አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ከዚህ ብትባረሪ የትም አያስገቡሽም። እርሷ ልጅ ናት፤ ልጅ ምን ይሆናል? ያለቀ ነገር ነው፣ ሁላችንንም ችግር ውስጥ አትክተቺን" አሉኝ። እስክሪብቶውን የሰጡኝ ክዳኑን ከፍተው ነው። ፈርሜያለሁ።

ውሳኔው ከሳምንት በኋላ ወጣ። ልጅቷ ስትድን ወደዚህ ትምህርት ቤት አትመለስም። አባትየውን አስጠሩትና በእኛ ፊት አነበቡለት። ቆሞ አዳመጠ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሮ "ስላስቸገረችዎ ይቅርታ ያድርጉልን። ቤትም እንደዚሁ ናት፤ ነገር ሳትነካ አትውልም" አለኝ። ዝም ስል ያዘንኩ መሰለው መሰለኝ፣ ወንበሬ ላይ የተንጠለጠለውን ጋውን አየ። እጅጌውን በጣቱ ገልበጥ አድርጎ "ይህማ ይጣፋል። ይስጡኝ፣ እንዳይታወቅ አድርጌ እጥፈዋለሁ" አለ። እምቢ ማለት አቃተኝ። አጣጥፎ በብብቱ ይዞት ሄደ።

ምን ይሉኝ ይሆን? እንደ አጎት አይደለም፤ እንደ አስተማሪ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 13

ውድ ልጄ፣

ምን ይሉኛል ብለሽ ለጠየቅሽው ስም የለኝም። ስም ማውጣት አይጠቅምሽም፤ እኔንም አያሳርፈኝም። የማውቀውን አሠራር ብቻ ልንገርሽ።

በክፍሌ ላጲስ ክልክል ነበር። ስታለቅሺ ትዝ ይለኛል፣ የመጀመሪያው ወር ላይ፤ ገጹ ተበላሸብኝ ብለሽ። የተሳሳተ የልኬት ንባብ አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የተሰረዘው ግን እንደሚነበብ ሆኖ መቆየት አለበት። ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል። ከዚያ የጻፈው ሰው ይፈርምበታል። ይህ አሁንም ያው ነው። ፈርመሽ የሰጠሽው ወረቀት ከኮሚቴው ሣጥን ሊጠፋ አይችልም፤ ሊታረም ግን ይችላል፣ ያለ አንቺም የሚያርመው የለም።

ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። መጀመሪያ ለልጅቷ አባት፤ በደብዳቤ ሳይሆን ፊት ለፊት። ኮሚቴው ሁለተኛ ነው። ኮሚቴውን ካስቀደምሽ ነገሩ ወረቀት ይሆንና ለእርሱ የሚደርሰው እንደገና ሰው ሲያነብለት ነው። አንድ ጊዜ ሰው አንብቦለታል፤ ያ ይበቃዋል።

የሚከተለውን ልደብቅሽ አልፈልግም። ከሥራ ትወጫለሽ። በሕግም ልትጠየቂ ትችያለሽ። ርዕሰ መምህሩ ስለ መጋረጃው የተናገረውን ይክዳል፤ አብረውሽ የሳቁት መምህራንም የሰሙት አይመስለኝም። ይህን ሁሉ ካወቅሽ በኋላ ነው የምትሄጂው፣ ሳታውቂ አይደለም።

የጠየቅሽኝ ምስክርነት ከዚህ ጋር አለ። ያየሁትን ብቻ ጽፌያለሁ፦ ነበልባሉ በብርሃን እንደማይታይ፤ መጋረጃ የግድ እንደሆነ፤ ትልቁ ጠርሙስ ከክፍል መውጣት እንዳለበት፤ ይህንንም ሁሉ ተምረሽ ታውቂው እንደነበር። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይጎዳሻል። እሱን ካወጣሁት ግን የቀሩትም ውሸት ይሆናሉ።

እናትሽ አውቃለች። ደብዳቤሽን አነበብኩላት፤ ከዚያ በላይ ጋዜጣ እያነሣሁ ልሸሻት አልቻልኩም። እስክጨርስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። ከዚያ "ልጅቷ እናት አላት?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። "አላውቅም ይላል እንዴ! ጠይቃት እንጂ" አለችኝ። ጠይቄሻለሁ።

የቀድሞ ክፍልሽ እንዳለ ነው። የመስኮቱ ማጠፊያ ብቻ ላልቷል፤ አጠብቀዋለሁ።

አጎትሽ


ጥር 2

ጋሼ፣

ለእማዬ ይንገሩልኝ፦ እናት አላት። በማንኪያ የምታበላት እርሷ ናት። እኔን አይታኝ አታውቅም፤ እኔም ፊቷን ሳላይ እንድቀር እፈልጋለሁ።

እንዳሉት አደረግሁ። የልብስ ሰፊው ሱቅ ጠባብ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ ጠመኔ የተሠመረባቸው ሱሪዎች። ጋውኔ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። የተጣፈው የት እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት። "ዛሬ ላመጣልዎ ነበር፣ ለምን ደከሙ?" ብሎ ወንበር ጠርጎ ሰጠኝ። ሳልቀመጥ ነገርኩት።

እግሩን ከፔዳሉ አነሣ። እስከዚያ ድረስ "እርስዎ" እያለ ነበር የሚያናግረኝ።

"ይሞቃል አለችሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

ያልኩትን ደገምኩለት። በአፌ ስናገረው ከወረቀት ላይ ይልቅ አጭር ነበር።

"ልጆቹ ሳቁ?"

"ሳቁ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ተነሥቶ ጋውኑን አወረደ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ ገለበጠው፣ ትንሿን መቀስ አነሣ፣ የጣፈውን ይፈታ ጀመር። እንዲህ ያለ ስፌት ሲፈቱት ከመስፋቱ ይበልጥ ጊዜ ይፈጃል። በመካከሉ አንድ ሰው ሱሪ ሊወስድ ገባ። "ቆየት ብለህ ና፣ ሥራ ይዣለሁ" አለው። ሰውዬው እኔን አየ፣ እርሱን አየ፣ ወጣ። ክሩን አንድ በአንድ እየነቀለ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። የጣፈበትን እራፊ ሲያወጣው አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ጋውኑን ከነቀዳዳው አቀበለኝ።

"ይኸው። እንደነበረ ነው" አለኝ።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ኮሚቴው ሄድኩ። የእርስዎንም ወረቀት ሰጠኋቸው። ርዕሰ መምህሩ "እኔ እኮ ልረዳሽ ነበር" ከማለት በቀር ለእኔ የተናገሩት የለም። ስለ መጋረጃው እርስዎ እንዳሉት ሆኗል፤ አንድም የሰማ ሰው አልተገኘም። ከሥራ ተሰናብቻለሁ። ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ተመርቷል። የልጅቷ መባረር ተሽሯል፤ መቼ እንደምትመለስ ግን ሐኪሞቹም አያውቁም። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። እስክሪብቶ መያዝ አትችልም ብለዋል።

ጓደኞቿ እውነቱን ነግረዋታል። ትናንት አንዷ የተከራየሁበት ቤት በር ላይ መጥታ ወረቀት ሰጠችኝ። ጽሕፈቱ የጓደኛዋ ነው፣ ያስጻፈችው እርሷ ናት። ሰላምታ የለውም። "ነበልባሉ ካልታየ የሚሞቀው ምኑ ነው?" ይላል። ሌላ ምንም።

አልመለስኩላትም። በየትኛው አፌ ነው ከእንግዲህ የማስተምራት? መጽሐፎቼን ለልጆቹ አከፋፍያለሁ። ጋውኑን ለእርስዎ ልኬዋለሁ፤ እኔ ዘንድ ምንም አይሠራም። እማዬን ጉልበቷን እንድትቀባ ይንገሩልኝ። ለእኔ አይጨነቁ፤ ደብዳቤም አይጠብቁ።

ልጅዎ


ጥር 24

ውድ ልጄ፣

ጥር 9 የጻፍኩልሽ መልስ አላገኘም። ይህኛው በትክክለኛው አድራሻ እንዲደርስሽ የፖስታ ቤቱን ሰው ሁለቴ አስነብቤዋለሁ። ምን ያህል እንደሰለቸሁት ፊቱ ላይ አየሁ፤ ግድ የለም።

ጋውኑ ደርሷል። እናትሽ አጠበችው። ቀዳዳውን ልትጥፈው መርፌ አነሣች፣ ክር አስገባች፣ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። "የእኔ ሥራ አይደለም" አለች። ከመደርደሪያው ላይ ያንን ዘይት አውርዳ እየተቀባች ነው፣ አንቺ ስላልሽ ብቻ። ለእኔ ብላ አንድም ቀን አድርጋው አታውቅም።

ስለ ልብስ ሰፊው ምንም አልልም። እኔ የምጨምርበት የለም።

የልጅቷን ጥያቄ ግን አነሣዋለሁ። አንብቤ መልሱን አውቀዋለሁ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ አልመልስላትም። የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ። ይቅርታ ጠይቂኝ አላለችሽም፣ ይቅርታም አልላከችልሽም፤ የላከችው ጥያቄ ነው። ይህን ከይቅርታ ጋር አታምታቺው፣ ከጥላቻም ጋር አታምታቺው። በየትኛው አፌ ላልሽው፦ ክፍል የለሽም፣ ደመወዝ የለሽም፣ የመምህርነት ማዕረግም ላይመለስልሽ ይችላል። ያልተመለሰ ጥያቄ ያላት ተማሪ ግን አለችሽ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል ትክክለኛ ንባብ የወሰደችው እርሷ ብቻ ነበረች። በእጇ ያወቀችው ከእናንተ ዓይን ይበልጥ ትክክል ነበር። መልስሽን ስትጽፊ የመጀመሪያው መስመር ይህ ይሁን፤ ስለ ሙቀቱ ከዚያ በኋላ ታስረጃታለሽ። እንደምታነበው እርግጠኛ አይደለሁም። ሳታነብ ብትቀድደውም የተጻፈ መሆን አለበት።

አሁን ስለ አንቺ። ወረቀት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተዘለለ ነገር አያመልጠኝም። መጽሐፎችሽን ማከፋፈልሽን አልወደድኩትም። ጋውኑን መላክሽን አልወደድኩትም። አይጨነቁ፣ አይጠብቁ የሚለውን ከሁሉ ይበልጥ አልወደድኩትም። ዝም ስትዪ ደህና ነሽ ማለት ነው ብዬ አልደመድምም። ያልታየ እሳት ጠፋ ማለት እንዳልሆነ በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ፤ ራሴ የጻፍኩትን ልረሳ አልችልም። አከራይሽ ስልክ እንዳላት ብነግራት እናትሽ ዛሬውኑ ታስደውለኝ ነበር፤ ቁጥሩ ግን የለኝም። እስከ ሰኞ ካልሰማሁ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ወገቤ እንደማይችለው ታውቂያለሽ። እንድመጣ አታድርጊኝ ማለቴ አይደለም፤ እንደምመጣ እንድታውቂ ነው።

የክፍልሽን የመስኮት ማጠፊያ አጥብቄዋለሁ። እናትሽ ፖስተኛው በሚያልፍበት ሰዓት በር ላይ ትቆማለች፤ ስጠይቃት ፀሐይ ልሞቅ ነው ትላለች። ትናንት ደመና ነበር፣ ቆማለች።

ቴምብር የተለጠፈበት፣ አድራሻዬ የተጻፈበት ፖስታ ውስጡ አለ። ብዙ አትጻፊ። ለልጅቷ ምን ብለሽ እንደመለስሽላት ጻፊልኝ። ገና ካልመለስሽላት አለሁ ብለሽ ብቻ ጻፊና ዛሬውኑ ላኪው።

አጎትሽ